200 ዶላሩን ለሰንጢ ከማውጣትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ20 እስከ 30 ዶላር እየከፈልክ የገዛሃቸው ስድስት ሰንጢዎች አሉህ፣ አሁን 200 ዶላር ቆጥበሃል፣ «ወደ ጥሩው ልሸጋገር፤ ልዩነቱ በእርግጥ ይታያል ወይ? የትኛው ብረት ይሻለኛል?» ነው ያልከው። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ የብረት ስም ነው የደረደሩልህ። እኔ በዚህ ሱስ ሰባት ዓመት ገንዘቤን የበተንኩ ሰው ስለሆንኩ ከብረቱ አልጀምርልህም። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

መጀመሪያ ግን «ሰንጢ የዱርዬ ዕቃ ነው፣ ምን ያደርግልሃል?» ላለው ወንድም። አልፈርድብህም። እኔም አዲስ አበባ ሳድግ ሰንጢ የሚይዝ ሰው ኪስ የሚቀድ ሌባ ወይ ጠብ የሚሻ ጎረምሳ ነበር፤ እናቴ ኪሴ ውስጥ ብታገኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። እዚህ ቨርጂንያ መጋዘን ስቀጠር ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። በመጀመሪያው ቀን የፈረቃ ኃላፊያችን፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰውዬ፣ ከኪሳቸው ትንሽ ሰንጢ አውጥተው ካርቶን ቀደዱ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረግ አድርገው ፖም ላጡበት፤ ማታ ደግሞ ከጓንቴ የተመዘዘ ክር ቆረጡልኝ። ያን ቀን ተለከፍኩ።

የመጀመሪያዬን በ18 ዶላር ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። አቆላለፉ ብዙዎቹ ያንተዎቹም እንደሚኖራቸው ዓይነት ነው፦ ስለቱ ሲከፈት እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት ወደ መሃል ትገባና ከኋላው ትደግፈዋለች። በሦስተኛው ወር የዕቃ ማሰሪያ ፕላስቲክ እየቆረጥኩ ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርገው ያቺ ብረት ሸርተት አለች። ስለቱ ታጥፎ ሌባ ጣቴ ላይ ተዘጋ፤ ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። ስለዚህ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የምትገዛው ነገር የብረት ስም አይደለም፤ መቆለፊያና አገጣጠም ነው። ያሉህን ስድስቱን አሁኑኑ አውጣና ፈትናቸው። ክፈተው፣ ጣቶችህን ከስለቱ መታጠፊያ መንገድ አርቅ፣ ከዚያ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ በቀስታ ተጫን። የሚንሸራተት ካለ ከሥራ አስወጣው። ወደ ግራና ቀኝ ስትገፋው የሚወዛወዝ ከሆነ የማጠፊያውን ብሎን ትንሽ አጥብቀው። ስታጠብቀው መክፈት ካቃተህ፣ ስታላላው ደግሞ መወዛወዙ ከተመለሰ፣ አሠራሩ ነው፤ አይስተካከልም።

ጣቴ ሲድን እልህ ያዘኝና ወደ 170 ዶላር ገደማ አውጥቼ ኤስ 30 ቪ የሚባለው ብረት ያለውን ገዛሁ። ውብ ነበር። መቆለፊያው እንደ ካዝና በር፣ አከፋፈቱ እንደ ቅቤ። አራት ወር ካርቶን ቆረጥኩበት፤ ከዚያ ዶለዶመ። (ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ስለት የሚበላ ነገር ነው፤ ውስጡ አሸዋና ብናኝ አለበት።) ከሱፐርማርኬት በገዛሁት ተራ ድንጋይ አንድ ሰዓት ብፈትገው ምንም። ተናድጄ እነዚያ ቢላዋ በመሃላቸው እየጎተቱ የሚስሉባቸው የፕላስቲክ መሳያዎች ውስጥ ከተትኩት፤ ጠርዙን እንደ መጋዝ በጣጥሶ አወጣልኝ። የ170 ዶላሩ ሰንጢ ከ18ቱ ባሰ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ኤስ 30 ቪ 1.45 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮምየምና 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። ቫናዲየሙ ከካርቦኑ ጋር ሲጣመር ብረቱ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ጠጠር ይሆናል፤ ያ ጠጠር ደግሞ አብዛኛው ርካሽ መሳያ ድንጋይ ከሚሠራበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይጠነክራል። ስለቱ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው በዚሁ ነው፤ ሲዶለዱም ደግሞ ተራ ድንጋይ በቀላሉ የማይነካው በዚሁ ነው። የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት ሳህን ያስፈልገዋል። ይህን ሳትይዝ ብረት ብትመርጥ፣ ውድ ብረት ማለት ውድ ድልዱም ማለት ነው።

አገር ቤት ሉካንዳ ገብተህ ሥጋ ቆራጩን አስተውለህ ታውቃለህ? ቢላዋው ምናልባት ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ማንም ስም አላወጣለትም። ግን ሰውዬው በየደቂቃው ሞረዱ ላይ ሁለቴ ሸርተት ሸርተት ያደርገዋል፣ ቁርጡ እንደ ወረቀት ይነሳል። ቪክቶሪኖክስም እንዲሁ ነው። ከ1891 ጀምሮ ለስዊዘርላንድ ጦር ሰንጢ ያቀረበ ድርጅት ዛሬም ብረቱን በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው የሚያጠነክረው፤ ከዛሬዎቹ ውድ ብረቶች አንጻር ለስላሳ ነው። ማንም ወታደር ድንጋይ ላይ በአምስት ደቂቃ ሊስለው ይችላል።

እንግዲህ ያንተ ስድስት ሰንጢዎች አልባከኑም፤ መለማመጃህ ናቸው። ባለ ሁለት ገጽ የአልማዝ ሳህን ግዛ፣ ከ40 እስከ 50 ዶላር ይበቃሃል። የስለቱን ጠርዝ በጥቁር ማርከር ቀባው። ሳህኑ ላይ አስተኝተህ ጀርባውን ትንሽ አንሳ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፤ ሦስት አራቴ ግፋውና እየው። ቀለሙ ወደ ስለቱ ጀርባ ባለው በኩል ብቻ ከለቀቀ አንግልህ ዝቅ ብሏል፤ ከሚቆርጠው አፉ ብቻ ከለቀቀ ከፍ ብሏል። ሁሉም ሲለቅ ልክ ነህ። ከዚያ በአንድ በኩል ብቻ ፈትግ፤ እስከ መቼ? በሌላው በኩል ከሥሩ እስከ ጫፉ በጥፍርህ የምትይዝ ቀጭን የታጠፈች ብረት እስክታገኝ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያቺ ብረት ሳትመጣ ያገላብጣል። ከመጣች በኋላ ገልብጠህ እዚያም አምጣት፣ ከዚያ ጫናህን እየቀነስክ እያፈራረቅክ አጥፋት። መጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትክ አሥር አሥር ጊዜ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አበላሽቻለሁ፣ ሦስተኛው የክንዴን ጸጉር ላጨ፤ ለሁለት ሳምንት ሚስቴ «ምን ነክቶህ ነው አንድ ክንድህ መላጣ የሆነው?» ስትለኝ ነበር።

መሳል ከለመድክ በኋላ የሚገርምህ ሌላ ነገር አለ፦ የሚቆርጠው ከብረቱ ይልቅ ቅጥነቱ ነው። ኦፒኔል ቁጥር 8ን ታውቀው ይሆናል። ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 በፈረንሳይ ሳቮዋ የጀመረው የገበሬ ሰንጢ ነው፤ የእንጨት እጀታ፣ 8.5 ሳንቲሜትር ስለት፣ በ1955 የተጨመረችለት የምትዞር የብረት ቀለበት መቆለፊያ። በ20 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሽንኩርትና ፖም ላይ ከዚያ ከ170 ዶላሩ ጋር አወዳደርኩት፤ ኦፒኔሉ ሰርጎ ይገባል፣ ያ ውዱ እንደ ሽብልቅ ፖሙን ይሰነጥቀዋል። ወፍራም ስለት ለፎቶ ያምራል፤ ለወጥ ሽንኩርት አይሆንም። ኦፒኔል የራሱ አመል አለው፦ እጀታው ውሃ ከነካው ያብጥና አልከፈት ይላል፣ የሚዝገውን ዓይነት ከገዛህ ደግሞ ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል። ቀለበቱ ግን ጣቴን ካሰፋኝ መቆለፊያ መቶ እጅ ይታመናል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በእኔ እጅ ያለፉትን አይቼ የምልህ፣ ትልቁ ዝላይ ከ20 ዶላር ወደ 60 እና 100 አካባቢ ያለው ነው። መቆለፊያው ይታመናል፣ ስለቱ ሲታጠፍ መሃል ይቀመጣል፣ ብረቱ በትክክል ተሞቆ የቀዘቀዘ ነው። (አንድ ስም ያላቸው ሁለት ብረቶች እሳቱን በሠራው ሰው ምክንያት ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። 15 ዶላር የሚሸጥ «ዲ 2» የሚባል ብረት ያለው ሰንጢ ስታይ ይህን አስብ።) ከ100 ወደ 200 ስትወጣ ልዩነቱን አንተ ታውቀዋለህ፣ ሚስትህ አታውቀውም። ከ200 በላይ ያለው ፍቅር ነው፤ በሒሳብ አይሞከርም።

ስለ ፍቅሩ አንድ ነገር ልበል። ክሪስ ሪቭ የሚባለው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሰው የነደፈው፣ ድርጅቱ አይዳሆ ውስጥ የሚሠራው ሰቤንዛ የሚባል ሰንጢ አለ፤ ስሙ ከዙሉ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ «ሥራ» ማለት ነው። የቲታኒየሙ እጀታ ራሱ ተቆርጦ መቆለፊያ ሆኗል፤ ለብቻ የገባ ብረት የለበትም። ሁለተኛ እጅ አግኝቼ ከ400 ዶላር በላይ ከፈልኩ። ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ያስደስትሃል። ግን ስሙ «ሥራ» የሆነውን ሰንጢ ስምንት ወር ሥራ አላስነካሁትም፤ ካርቶን ላይ ላሳርፈው ሳሳሁ። ማታ ማታ አውጥቼ አይቼው እመልሰዋለሁ፣ ጠዋት ርካሹን ይዤ እወጣለሁ። በመጨረሻ 60 ዶላር ከስሬ ሸጥኩት። ቆጨኝ፤ አሁንም አንዳንዴ ይቆጨኛል።

ዛሬ በየቀኑ ኪሴ ያለው ስፓይደርኮ ዴሊካ 4 ነው። ድርጅቱ የኮሎራዶ ነው፤ በ1981 ስለት ላይ ክብ ቀዳዳ ለአውራ ጣት፣ እጀታ ላይ የኪስ መያዣ አድርጎ የመጣ። ይህን ግን የሚሠራለት ጃፓን ሴኪ ከተማ ነው፣ ብረቱ ቪጂ 10። 71 ግራም ነው፣ ስለቱ 7.3 ሳንቲሜትር፣ ቀጭን። ወደ 100 ዶላር አካባቢ ነው የገዛሁት። ቪጂ 10 ዛሬ በወሬ ደረጃ አሮጌ ነው፤ በ2021 የወጣው ማግናከት አለ፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ እሱ ነው፣ በእርግጥም ጥንካሬን፣ አለመሰበርንና አለመዛግን አንድ ላይ በማምጣት ረገድ የሚመሰገን ብረት ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ስዬ የምጨርሰውን እመርጣለሁ። የግድ 200 ውን ላውጣ ካልክ የስፓይደርኮ ፓራሚሊተሪ 2 ወይም ቤንችሜድ የሚባለው ድርጅት ባግአውት ነው የምልህ። የመጀመሪያው መቆለፊያው በጀርባው በኩል ስለሆነ ስትዘጋው ጣትህ ከስለቱ መንገድ ውጭ ነው፤ የተሰፋ ጣት ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው 52 ግራም ብቻ ነው፣ ኪስህ ውስጥ ትረሳዋለህ።

ስትረሳው ደግሞ ችግር አለ። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የአጎቴ ልጅ የሰጠኝን ቪክቶሪኖክስ ከቁልፌ ጋር አስሬ ረሳሁትና ፍተሻው ላይ ቀረ። ሻንጣ ውስጥ አድርገህ ጫን እንጂ ወደ አውሮፕላኑ ይዘህ አትግባ። ዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ፦ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ 2.5 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሳንቲሜትር የሞላ ስለት አይፈቀድም፤ የኔ ዴሊካም አያልፍም። ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ስትሄዱ መኪና ውስጥ ተዉት። ለንደን ያላችሁ ደግሞ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ወንጀል ነው፤ የማይቆለፍና ከ3 ኢንች ያልበለጠ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሌላ አገር ያላችሁ ሕጉን ሳታዩ አትግዙ።

አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። የ180 ዶላሩን «አዲስ፣ በካርቶኑ» ብሎ በ60 የሚሸጥልህ ሰው ሞኝ አይደለም። ካርቶኑም ወረቀቱም ሳይቀር ይገለበጣል። እኔ አንዴ ተበልቻለሁ፤ ያወቅኩት ብሎኑን ስፈታ ውስጡ ዝጎ ሳየው ነው።

ስለዚህ ያንተን 200 ዶላር እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ 45 ለአልማዝ ሳህን፣ ሁለት ወር በስድስቱ ልምምድ፣ ከዚያ 100 አካባቢ ለዴሊካ ወይም ለመሰሉ፣ 20 ለኦፒኔል ማዕድ ቤት እንዲቀመጥ። የተረፈውን ያዘው፤ ስለት ማውጣት ስትችል ምን ዓይነት ሰንጢ እንደምትወድ ራስህ ታውቃለህ፣ ያኔ የኔን ምርጫም ትንቀው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አልነገርከንም፦ ግራኝ ነህ እንዴ? ከሆንክ ከላይ ካልኩት የሚቀየር አለ። ፓራሚሊተሪውና ለመቆለፊያ ቀጭን ብረት ከጎን የምትገባባቸው ዓይነቶች በአብዛኛው የተሠሩት ለቀኝ እጅ ነው፤ ባግአውቱና ዴሊካው ግን በሁለቱም እጅ ይሠራሉ። ጻፍልኝ።