አዲሱን ልጫን ወይስ የቆየውን?

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ ፖሊ ግቢ፣ ማለትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዴስክቶፔ ላይ አዲሱን ፓይተን ልጫን ወይስ ጓደኞቼ የሚጠቀሙበትን የቆየውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ፓይተን ኮምፒውተርን የምናዝበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አዲሱን ጫኚ ብዬ በአጭሩ መለስኩላት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ይህንኑ ጥያቄ ራሴን ሳልጠይቅ በማለፌ አንድ ታማኝ ሰው ስሙ ጎድፏል።

በ2001 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳር ለሚሠራ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሽያጭ ሒሳብ የሚያካፍል ፕሮግራም በፓይተን 2.5 ጻፍኩ። የማኅበሩ ደንብ ግልጽ ነበር፤ የዕለቱ ሽያጭ ለወጡት ሰዎች እኩል ይካፈላል፣ ክፍያው በሙሉ ብር ብቻ ይሆናል፣ የሚተርፈው ብር ወደ ጋራ ሣጥን ይገባል። የአምባዛው ሽያጭ 500 ብር ሆኖ ሰባት ሰዎች ከተካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 71 ብር ይደርሳቸውና 3 ብር ሣጥን ይገባል ማለት ነው። ፓይተን 2 ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ክፍልፋዩን ጥሎ ሙሉውን ብቻ ስለሚሰጥ ሒሳቡ ከደንቡ ጋር በራሱ ገጠመ፤ እኔም ደንቡን ኮዱ ውስጥ ለይቼ አልጻፍኩትም።

በ2002 ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። ኮዱን በፍላሽ ይዤው ስለነበር አልደነገጥኩም። በየትኛው ቨርዥን (እትም) እንደሠራሁት ግን የትም አልጻፍኩም ነበርና፣ አዲሱ ማሽን ላይ በኅዳር 2001 የወጣውን ፓይተን 3 ጫንኩ። መጀመሪያ ፕሪንት የሚለው የማሳያ ትእዛዝ ሁሉ ስሕተት አመጣ፤ ቅንፍ እየጨመርኩ አስተካከልኩት። ከዚያ ፕሮግራሙ ሠራ፣ ነገር ግን 71 ይል የነበረው 71.428571 እያለ ይቀጥል ጀመር። ዛሬም የሚቆጨኝ ያቺ ደቂቃ ናት። ይህ ጅራት ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ለዓይን እንዲያምር ብዬ በሁለት አሃዝ ቆረጥኩት። ደረሰኙ 71.43 እያለ መታተም ጀመረ።

ገንዘብ ያዡ በዕድሜ የገፉ፣ ለብዙ ዓመት የሣጥኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አስረው የኖሩ ሰው ነበሩ። እርሳቸው እንደ ደንቡ 71 ብር ይከፍላሉ፣ ወረቀቱ ግን ሳንቲም ይጨምራል። ሳንቲሙ ሲጠራቀም ሐሜት ሆነ። ታንኳዎች ለመድረቅ ግድግዳ ተደግፈው በቆሙበት ግቢ ስብሰባ ተጠራና እኔም ቃሌን ተጠየቅኩ፤ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኩ። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይናገሩ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

እውነቱን ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ፣ የድሮ ደረሰኞችን ከአዲሶቹ ጋር ሳስተያይ ነው። ፓይተን 3 በአንድ እዝባር (/) ሲያካፍል እንደ ፓይተን 2 ክፍልፋዩን አይጥልም፤ ማካፈያ ሆና ያገለገለችውን አንዲት እዝባር ሁለት (//) ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። ማኅበሩ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፤ አባላቱም ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቋቸው። ቁልፉን መልሰው እንዲይዙ ቢለመኑም እምቢ አሉ።

ልጆቼ፣ ፓይተንን ፓዝ ውስጥ ስለማስገባትና ስለ ኤዲተር ምርጫ አልጽፍላችሁም፤ እሱን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የምለምናችሁ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ከሌላው ሥራ የተለየ የፓይተን ክፍል) እንድትከፍቱ፣ የተጫነውን በሚዘረዝረው በፒፕ ፍሪዝ ትእዛዝ የላይብረሪዎቹን (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) ዝርዝር ከነቨርዥናቸው በፋይል እንድታስቀምጡ፣ ዝርዝሩ የፓይተኑን የራሱን ቨርዥን ስለማይዝ እሱን ለብቻው ጽፋችሁ ከኮዱ ጋር እንድታኖሩ ነው። የምትጭኑበትን ፋይልም በፍላሽ ያዙት፤ ኔትወርክ በሚያስፈልጋችሁ ቀን ላይኖር ይችላል። የዛሬ ወጣቶች ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ትእዛዝ ሳታነቡ ትገለብጣላችሁ፤ አንድ ማሽን ላይ ሦስት ፓይተን ጭኖ የትኛው እየሠራለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ በየጊዜው ይመጣብኛል። ይህን ስል ግን የእኔ ዘመን ሰዎች ጠንቃቆች ነበርን ማለቴ አይደለም፤ እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ፣ እኔ አልጠየቅኩም።

ለጎረቤቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ አልተለወጠም። አዲስ ሥራ በአዲሱ ይጀመር፤ ፓይተን 2 ድጋፉ ካበቃ ከታኅሣሥ 2012 ወዲህ ወደ እሱ የሚመለስ ሰው የድሮ ሥራ የሚጠግን ብቻ ነው። ከጓደኞችሽ ጋር አንድ ሥራ የምትሠሪ ከሆነ ግን እነርሱ የያዙትን ቨርዥን ያዢ፤ ይህን ዋርካው ሥር ሳልነግርሽ ቀረሁ። 71.43 የሚለው ደረሰኝ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ቅዳሜ ኮምፒውተርሽን ስናዘጋጅ ይዤልሽ እመጣለሁ።