መልስ፦ ሳይረኑ ሲጮህ ስለሚጠፉት የበር ሴንሰሮች

ሴንሰሮቹን አይቀይሯቸው፤ አልተበላሹም። መብራት ጠፍቶ የአላርም ሲስተሙ በባትሪ ሲሠራ፣ ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር በአጥሩ በር በኩል ያሉት አራት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች የሚጠፉብዎ ሳይረኑም ሴንሰሮቹም ኃይል የሚያገኙት በአንድ ጥንድ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ነው።

የጠቀሱት 0.22 ካሬ ሚሊሜትር የአላርም ኬብል 80 ሜትር ሲሄድ፣ የደርሶ መልሱ ሬዚስታንስ (ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) 12.5 ኦም ገደማ ይሆናል። ሳይረኑ 300፣ ሴንሰሮቹ በድምሩ 60 ሚሊአምፒር ቢስቡ፣ 4.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። መብራት ሲኖር ከ13.7 ቮልት 9.2 ስለሚተርፍ ሲስተሙ በጭንቅም ቢሆን ይሠራል፤ በባትሪ ግን ከ12 ቮልት የሚደርሰው 7.5 ብቻ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ቢያንስ 9 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ።

1. ለሳይረኑ ብቻ ከፓኔሉ (ከአላርሙ መቆጣጠሪያ ሳጥን) ጀምረው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይዘርጉ። ኔጋቲቩንም ለብቻው ይመልሱት እንጂ ከሴንሰሮቹ ጋር አያጋሩት።
2. መብራቱን አጥፍተው፣ ሳይረኑ እየጮኸ (ለጎረቤት አስቀድመው ይንገሩ)፣ ቮልቴጁን ፓኔሉ ላይ ሳይሆን የመጨረሻው ሴንሰር ተርሚናል ላይ ይለኩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቮልቴጁ ክረምት ክረምት ብቻ ይወርድብኝ ነበር። ሁለት ቀን ፈልጌ ከአበባው መደብ ሥር በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ አገኘሁ፤ ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ በጣቴ መሐል ተፈረፈረ። የእርስዎም ግቢ ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ፣ መሐል ላይ ቅጥያ ካለ በሶልደር አያይዘው ውኃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይዝጉት።