«ለማሳከክ የሚሆን ስጪኝ»፦ ስለ ብልት ፈንገስ ጥያቄና መልስ

ፋርማሲስት ነኝ። ሴቶች ወደ ባንኮኒው ጠጋ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለማሳከክ የሚሆን ስጪኝ» ይሉኛል። ከኋላቸው ወንድ ከቆመ ደግሞ ሐሳባቸውን ቀይረው የራስ ምታት ኪኒን ገዝተው ይወጣሉ። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ስለዚህ «ስም ሳትጽፉ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ነጭ ፈሳሽ አለኝ። ፈንገስ ነው ማለት ነው?

ነጭ ስለሆነ ብቻ ፈንገስ አይባልም። ጤነኛ ብልትም ፈሳሽ አለው። በወር አበባ መካከል ላይ እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥና የጠራ ይሆናል። የወር አበባ ሲቃረብ ደግሞ ነጣ፣ ወፈር ይላል። ካላሳከከሽና ካልሸተተሽ ተዪው።

የፈንገሱ ዋና ምልክት ማሳከክ ነው። እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ። የብልቱ ከንፈር ይቀላል፣ ያብጣል። ሽንት ሲነካው ያቃጥላል። ግንኙነት ያማል። ፈሳሹ ወፍራምና የተቆራረሰ፣ አይብ የሚመስል ነው። ኃይለኛ ሽታ የለውም።

ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ሆኖ የአሳ ሽታ ካለው፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የሚብስ ከሆነ፣ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ነው የሚጠረጠረው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ካለው ደግሞ ትሪኮሞናስ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ባልም አብሮ መታከም አለበት። ለሁለቱም የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ፈንገስን ግን አይነካም። የፈንገስ መድኃኒትም እነሱን አይነካም። ብዙ ሴት ወራት የምትሰቃየው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የሌላ በሽታ ሆኖ ነው።

ጥያቄ፦ ከወንድ ጋር ሆኜ አላውቅም። ለቶንሲል መድኃኒት ወስጄ በሳምንቱ ማሳከክ ጀመረኝ። እናቴ ብታውቅ ምን ትለኛለች?

እህቴ፣ ምንም ያጠፋሽው ነገር የለም። ፈንገስ የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይመደብም። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሴቶች አንጀትና ብልት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ልክ የሚያስገቡት እዚያው ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። የቶንሲሉ አንቲባዮቲክ እነሱንም አብሮ ሲገድል ፈንገሱ ቦታ ያገኛል። ከ4 ሴቶች 3ቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። እናትሽም ይዟት ያውቅ ይሆናል። ንገሪያት።

ጥያቄ፦ የትኛው መድኃኒት ይሻላል? የሚዋጠው ወይስ የሚገባው?

ቀላል ለሆነ ፈንገስ ሁለቱም ጥሩ ይሠራሉ። ብልት ውስጥ የሚገባው ክሎትሪማዞል ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ አንድ ሌሊት፣ ባለ 200 ከሆነ 3 ሌሊት፣ ባለ 100 ከሆነ 6 ወይም 7 ሌሊት ነው። ማታ ልትተኚ ስትዪ በጀርባሽ ተኝተሽ ጠለቅ አድርገሽ አስገቢው። ጠዋት ትንሽ ስለሚፈስ ሞዴስ አድርጊ። የሚዋጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም ነው፤ አንዴ ብቻ። ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን፣ ከመዋጥሽ በፊት ንገሪን።

ማሳከኩ በሁለት ሦስት ቀን ይቀንሳል። ቀነሰ ብለሽ የጀመርሽውን አታቋርጪ። የሚቀባው የፈንገስ ክሬምም የሚገባው ኪኒንም ኮንዶምን ሊያሳሳ ስለሚችል እስክትጨርሺ ድረስ ከግንኙነት መቆየት ይሻላል። በሳምንት ካልተሻለሽ ሌላ ፓኬት አትግዢ፣ ተመርመሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ከመግዛትሽም በፊት ብትመረመሪ ደስ ይለኛል። ከእምብርት በታች ሕመም፣ ትኩሳት፣ ቁስል ወይም ያለ ጊዜው የሚመጣ ደም ካለ ፋርማሲ አትምጪ። ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጎረቤቴ የተረፋትን ፍሉኮናዞል ሰጠችኝ።

እንዳትውጪው። በእርግዝና ጊዜ የሚዋጠውን አንሰጥም፤ ከፅንስ መጨንገፍ ጋር የሚያያይዙት ጥናቶች አሉ። ላንቺ የሚሆነው የሚገባው ክሎትሪማዞል ነው፣ ለ7 ሌሊት። ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው። በእርግዝና ፈንገስ የሚበዛው በሆርሞኑ ምክንያት ነው፤ ንጽሕና ስለጎደለሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ በዴቶል እታጠባለሁ። ሎሚም ሞክሬያለሁ። ወይባ ጢስስ?

በየቀኑ የምሰማው ይሄን ነው። ደግሞም የሚያደርጉት ንጽሕናቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው። ብልት ውስጡን ራሱ ያጥባል። ዴቶል፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ የጨው ውሃ ወደ ውስጥ ስታስገቢ የሚሞቱት ጠባቂዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሽታው ለአንድ ቀን ይጠፋና ብሶ ይመለሳል። አንቺም ደግመሽ ታጥቢያለሽ። ነጭ ሽንኩርት አስገብተው ተቃጥለው የመጡ ሴቶችም አይቻለሁ። የውጩን በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጠቢ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ፣ የጥጥ ፓንት ልበሺ።

ወይባውን ሰውነትሽን እንዲያፍታታሽ ከሆነ የምትሞቂው ያንቺ ምርጫ ነው። ፈንገስ ግን አያክምም። ማሳከክ የላጠው ቆዳ ላይ ሙቀትና ጢስ ሲጨመር ያሠቃያል። እስኪድንልሽ ተዪው።

ጥያቄ፦ በየሁለት ወሩ ይመለስብኛል። መድኃኒት ሰለቸኝ።

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደጋጋሚ ይባላል፤ አያያዙም ይለያል። መጀመሪያ ፈሳሹ በላቦራቶሪ ይታይ። በእርግጥ ፈንገስ ነው? ከሆነስ የተለመደው መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት ይሆን? ከዚያ የስኳር ምርመራ አድርጊ። በተደጋጋሚ ፈንገስ ምክንያት ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁ ሴቶች አሉ። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ቢደረግ ጥሩ ነው። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ብለሽ ስቴሮይድ የምትወስጂ ከሆነም ተናገሪ። ተደጋጋሚ ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ ሐኪሙ ፍሉኮናዞል በሳምንት አንዴ ለ6 ወር ሊያዝልሽ ይችላል። ረጅም ነው፣ ግን ብዙዎችን ያሳርፋል። በራስሽ ግን አትጀምሪው።

ጥያቄ፦ ባሌም ይታከም?

ምልክት ከሌለው አያስፈልገውም። ብልቱ ጫፍ ላይ ቅላትና ማሳከክ ካለ ክሬም ይቀባል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ታሳክካለች። ያንቺኑ ክሬም ልቀባት?

አትቀቢያት። በዚህ ዕድሜ የብልት ፈንገስ እምብዛም አይታይም። ብዙ ጊዜ ሳሙና፣ ጠባብ ልብስ ወይም ሌሊት ከፊንጢጣ የሚወጣው ቀጭን ነጭ ትል ነው። ሕፃናት ባዕድ ነገር የሚያስገቡበት ጊዜም አለ። የሚሸት ፈሳሽ ወይም ደም ካየሽ ዛሬውኑ ውሰጃት። ደግሞም ሳትቆጪ፣ ሳታስደነግጪ «የነካሽ ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂያት። ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መጠየቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የወር አበባዬ ከቆመ 8 ዓመት ሆኖኛል። ያሳክከኛል፣ ፈሳሽ ግን የለኝም።

እማማ፣ በእርስዎ ዕድሜ ፈንገስ ብዙም አይጠበቅም፤ ስኳር ካለብዎት ግን ይኖራል። ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ድርቀት ወይም የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ነጣ ብሎ የሳሳ ቦታ ካለ የግድ በሐኪም ይታይልዎ።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም ወንድ ነው። አፍራለሁ።

ሴት አዋላጅ ነርስ ካለች እሷ እንድታይሽ ጠይቂ። ጥያቄሽ ነውር የለውም። ከመሄድሽ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ብልትሽ ውስጥ ምንም መድኃኒት አታስገቢ፣ ውስጡንም አትታጠቢ፤ ናሙናውን ያበላሸዋል። መናገር ከከበደሽ «ያሳክከኛል፤ ፈሳሹ እንዲህ ይመስላል፤ ከጀመረኝ ይህን ያህል ቀን ነው» ብለሽ ወረቀት ላይ ጻፊና ስጫቸው። እኔ ጋም እንደዚያ ጽፈው የሚመጡ አሉ። አንብቤ ወረቀቱን እመልስላቸዋለሁ።