ጥያቄና መልስ፦ ለስቶክ (ፎቶ ለሚሸጥ ድረ ገጽ) የላክነው ፎቶ ለምን ይመለስብናል?

የፒያሳ ልጅ፦ ቡና ቤት ውስጥ ያነሳሁት ፎቶ «ኖይዝ» (ፎቶው ላይ የሚበተን እህል መሰል ነቁጥ) ተብሎ ተመለሰብኝ። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ነበር፤ ስለጨለመ ኮምፒውተር ላይ አበራሁት።

መላሽ፦ ያበላሸው እሱ ነው። ሁለት ስቶፕ ያነሰ ብርሃን (ከሚገባው ሩቡን) ሰጥተህ በኋላ ስትገፋው ጥላው ውስጥ የተደበቀው ኖይዝ አብሮ ይወጣል። በ400 ጨለማ ከምታነሳ በ1600 ብርሃኑን በትክክል ሰጥተህ አንሳ። ፋይሉ ራው (ካሜራው ያላሰናዳው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ሂስቶግራሙ (የጨለማና የብርሃን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ቀኝ ይጠጋ እንጂ ጠርዙን አይምታ፤ ነጩ ሲኒ አንዴ ከተቃጠለ ዝርዝሩ አይመለስም። ኖይዝ መቀነሻውንም በልኩ፤ ሲበዛ የሰው ቆዳ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ይህም ያስመልሳል።

መብራቱ ፍሎረሰንት ወይም ርካሽ ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርገው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ1/320 ካነሳህ ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ ሰንበር ይጋደማል። ከመላክህ በፊት መቶ ፐርሰንት አጉልተህ ከጥግ እስከ ጥግ እየው።

ጀማሪዋ፦ ጥሩ ካሜራ የቱ ነው?

መላሽ፦ ምን ልታነሺበት? በስንት ብር? ይህን ሳትነግሪኝ መልስ የለኝም።

የአራት ኪሎው፦ ስልክስ ይሆናል?

መላሽ፦ ስቶክ ድረ ገጾቹ ሹተርስቶክም አዶቤ ስቶክም የሚጠይቁት ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ነው፤ የዛሬ ስልክ ያልፈዋል። ዲጂታል ዙም (ምስሉን ቆርጦ ማጉላት) ብቻ አትንካ፤ በእግርህ ቅረብ።

ሌንስ ወዳድ፦ በስልክ ይሆናል ማለት ሰው ማሳሳት ነው! ቅጠሉን አጉልታችሁ እዩት፣ የውሃ ቀለም ነው የሚመስለው።

የአራት ኪሎው፦ ጠዋት 2 ሰዓት መስቀል አደባባይ ወጥተህ ሞክረውና እንነጋገራለን።

ሌንስ ወዳድ፦ ማታስ?

መላሽ፦ ተዉት በቃ። በቀን ይበቃል፣ ማታ ይቸገራል። ወደ ጥያቄው።

እህተ አራዳ፦ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንን ሳነሳ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ሌንሱን ብወለውለውም አልጠፋም።

መላሽ፦ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ሴንሰሩ (ከሌንሱ ኋላ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ያረፈ አቧራ ነው። ኤፍ 16 ላይ (የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበሽ) አድርገሽ ጥርት ያለ ሰማይ አንሺ፤ ያለው ሁሉ ይታይሻል። ሌንሱን አውልቀሽ ካሜራውን ወደ ታች ደፍተሽ በጎማ መንፊያ ንፊው። በአፍ እፍ እንዳትይ፣ ምራቅ ይረጫል። ለሕንፃ ኤፍ 8 በቂ ነው፤ ነጠብጣቡም ይደበዝዛል። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር እንዳለም መቶ ፐርሰንት አጉልተሽ እዪ።

ጀማሪዋ፦ የኔም ተመለሰ። ለምን ይሆን?

መላሽ፦ እህቴ፣ ምክንያቱን ጽፈውልሻል፤ እሱን አምጪው። መቶ ፐርሰንት አጉልተሽ አየሽው? ለሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

ጀማሪዋ፦ «ሞዴል ሪሊዝ የለውም» ይላል። የቸርችል ጎዳና እግረኞች ናቸው።

መላሽ፦ እንዲህ ይጠየቃል! ፊታቸው ከተለየ፣ የፈረሙት ፈቃድ (ሞዴል ሪሊዝ ማለት እሱ ነው) ከሌለ ለማስታወቂያ አይሆንም፤ ሹተርስቶክ ላይ ኤዲቶሪያል (ለዜናና ለመሳሰለው እንጂ ለማስታወቂያ የማይውል) ብለሽ ላኪው። መግለጫው በከተማ፣ በአገርና በቀን ይጀምር፤ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። ታርጋም ሆነ ሰው ከፎቶው ላይ አታጥፊ።