ካያኩ ቢገለበጥስ?

ጥያቄ፦ በሞቃት ባሕር ላይ በካያክ (በላዩ ተቀምጠው በሚቀዝፉት ጠባብ ጀልባ) ዓሣ ለማጥመድ ከአስጎብኚ ጋር ልወጣ ነው። ዋና እችላለሁ፤ ግን ትልቅ ዓሣ ጎትቶ ቢገለብጠኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አደጋው የሚመጣው ክሩ በጎን በኩል ሲወጠር ነው። ዓሣው እንደተያዘ የማጥመጃ ዘንጉን ጫፍ ወደ ካያኩ አፍንጫ ያዙሩ፤ ያኔ ዓሣው ካያኩን ይጎትተዋል እንጂ አይገለብጠውም። የክር መጠቅለያውን ፍሬንም አስቀድመው ላላ ያድርጉት። 15 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ፍሬኑ በ4 ወይም በ5 ኪሎ ጉተታ ክሩን መልቀቅ አለበት።

ከተገለበጡ ከሁሉ በፊት ካያኩን ይያዙ፤ ነፋስ ይዞት ከሄደ ዋኝቶ መድረስ ከባድ ነው። በተገለበጠው ካያክ ሆድ ላይ እጅዎን ዘርግተው ወዲያኛውን ጠርዝ ወደ ራስዎ በመሳብ ያቃኑት። ቀጥሎ ከመቀመጫው ጎን ሆነው ውሃው ላይ በደረትዎ ይዘርጉ፤ እግርዎን በኃይል እየመቱ ደረትዎን መቀመጫው ላይ ያውጡ፤ ተገላብጠው ይቀመጡና እግርዎን በመጨረሻ ያስገቡ። ብዙዎች እግራቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው በክንዳቸው ብቻ ስለሚጎትቱ ካያኩ መልሶ ይገለበጥባቸዋል።

ይህን ከዳርቻው ሳይርቁ፣ አስጎብኚው እያየዎት ይለማመዱት። ለልምምድ ጊዜ የማይሰጥ አስጎብኚ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። የሕይወት አድን ጃኬትዎ ተቆልፎ ይዋል፤ መቅዘፊያውና ዘንጎቹም በገመድ ይታሰሩ።

ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ካለ አይውጡ። ዳርቻው ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ሲመለሱ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታዎታል።