ወደ 10ኛ ክፍል ቢመለሱ ለራሳቸው ምን ይመክሩ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በባሕር ዳር ከተማ ዓባይ ማዶ ሲሆን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስለሌለ ስለ ትምህርቴ የማማክረው ታላቅ የለኝም። ወደ ዘንዘልማ የሚሄዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ታክሲ ውስጥ ሁልጊዜ አያቸዋለሁ፤ ቀርቤ ለመጠየቅ ግን አፍራለሁ። እነዚህ ልጆች ዛሬ ወደ እኔ ክፍል መመለስ ቢችሉ ለራሳቸው ምን ይሉ ነበር? ለ12ኛ ክፍል ፈተና ገና ብዙ ጊዜ አለሽ ይሉኛል፤ እኔ ግን ከአሁኑ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከዓባይ ማዶ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ጥያቄሽን ይዘን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳ፣ በፖሊና በዘንዘልማ ግቢዎች የሚማሩ ወጣቶችን አነጋግረናል። አንዳንዶቹ ስልክ በመነካካት ያጠፉትን ጊዜ፣ ሌሎቹም ከማይሆን ጓደኛ ጋር መዋላቸውን አንስተዋል። ይህን ምክር ከቤትሽም ሆነ ከመምህራንሽ እንደምትሰሚው ስለምናምን አንመለስበትም። ከዚህ ይልቅ ብዙዎቹ ሳይነጋገሩ የተስማሙበት አንድ ጉዳይ ስላለ መልሳችንን በእርሱ ላይ ማድረግ መርጠናል።

የሚቆጫቸው ያጠኑት ሰዓት ማነሱ ሳይሆን ያጠኑበት መንገድ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ደብተራቸውን ከዳር እስከ ዳር ሸምድደው፣ የሸመደዱትን በፈተና ወረቀት ላይ ገልብጠውና ጥሩ ማርክ አግኝተው አልፈዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ግን መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ገጽ ሸፍኖ ይወጣል፤ ሀንድአውቱ ይደራረባል፤ ፈተናው ደግሞ ተማሪው አይቶት የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ለብቻ ተቀምጦ አንብቦ መረዳት የሚባለውን ችሎታ ከዜሮ መጀመር ግድ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ውጤታቸው ያሽቆለቆለባቸው ተማሪዎች ሲናገሩ እንደሰማነው፣ ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ ስለነበር ሳይሆን እንዴት እንደሚነበብ ሳያውቁ በመግባታቸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተማሪ የሚፈልገውን ትምህርት ክፍል የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚያው ነውና።

እንግዲህ «ተረድቶ ማንበብ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከደቡብ ጎንደር የመጣች አንዲት የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ በወረቀት አሳይታናለች። ስለ ፎቶሲንተሲስ የሚናገር አንድ ገጽ አንብባ መጽሐፉን ትዘጋለች፤ ከዚያም ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ የተረዳችውን በራሷ አገላለጽ ትጽፋለች። ከጨረሰች በኋላ መጽሐፉን ገልጣ ታመሳክርና የዘለለችውን በቀይ እስክሪብቶ ትሞላለች። ባሳየችን ወረቀት ላይ ስለ ብርሃን፣ ስለ ክሎሮፊልና ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በትክክል ጽፋለች፤ ውሃው ምን እንደሚሆን ግን ሳትጽፍ አልፋለች። በቀይ የተሞላውም ተክሉ የሚያወጣው ኦክስጅን የሚገኘው ከውሃው መሆኑን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነበር። ገጹን ደግማ ደጋግማ ብታነበው ኖሮ ሁሉም ነገር የገባት ይመስላት ነበር፤ ያልገባትን ለይቶ ያሳያት መጽሐፉን መዝጋቷ ነው። ይህን ዘዴ ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ መሆኑ ያንገበግባታል፤ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ብጀምረው ኖሮ የስንት ሌሊት እንቅልፍ ይተርፈኝ ነበር ትላለች። አንቺ ዛሬ ማታ ልትጀምሪው ትችያለሽ፤ ከባዶ ወረቀትና ከእስክሪብቶ በቀር ምንም አይጠይቅም።

ከትምህርት ዓይነቶች ሁሉ ደጋግመው የተጠቀሱት ሒሳብና እንግሊዝኛ ናቸው። ስለ ሒሳብ የነገረን በፖሊ ግቢ ምህንድስና የሚማር ወጣት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የካልኩለስ ፈተና ላይ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ፣ ኤክስ ካሬ ሲቀነስ 9 ለኤክስ ሲቀነስ 3 ተካፍሎ የሚሰጠውን ሊሚት፣ ማለትም ውጤቱ የሚጠጋውን ቁጥር፣ አስሉ የሚል ጥያቄ ቀረበለት። የሊሚትን ትርጉም ያውቀዋል፤ ኤክስን በ3 ሲተካው ግን ከላይም ከታችም ዜሮ መጣበትና እዚያው ቆመ። ከላይ ያለው አገላለጽ ኤክስ ሲቀነስ 3 እና ኤክስ ሲደመር 3 ተብሎ በብዜት እንደሚተነተን ቢያስታውስ ኖሮ የጋራው ተሰርዞ መልሱ 6 መሆኑን በአንድ መስመር ያገኘው ነበር። ይህ ትንተና የካልኩለስ ትምህርት አይደለም፤ ከዚያ በፊት በታችኞቹ ክፍሎች የሚማሩት ነው። ስለዚህ አሁን በእጅሽ ያለውን የአልጀብራና የክፍልፋይ ትምህርት ለአንድ ፈተና ብለሽ የምታልፊው አድርገሽ አትዪው። ያልገባሽ ምዕራፍ ካለ ወደ 11ኛ ክፍል ይዘሽው ከመሻገርሽ በፊት በክረምቱ ተመለሺበት፤ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ እንደገና መግለጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የእንግሊዝኛው ችግር ከሒሳቡ ይለያል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በብዙ ክፍሎች መምህሩ በአማርኛ ያብራራል፤ ተማሪው ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማስታወሻ ይገለብጣል። ይህ መምህራኑን የሚያስወቅስ አይደለም፤ ተማሪው እንዲገባው ብለው የሚያደርጉት ነው። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ ከየክልሉ የመጡ፣ አማርኛ የማይችሉ ተማሪዎችም ስለሚኖሩ መምህሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ሊያስተምር ይችላል። ያነጋገርናቸው ልጆች የሚመክሩት የሰዋስው ሕግ መሸምደድን ሳይሆን በየቀኑ ከባዮሎጂ ወይም ከጂኦግራፊ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብን፣ ያልታወቁትን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ አንቀጹን ለሌላ ሰው በአማርኛ ማስረዳትን ነው። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካለሽ አስረጂያቸው፤ ግራ ገብቷቸው የሚጠይቁሽ ቦታ አንቺም በደንብ ያልተረዳሽው ቦታ ሊሆን ይችላል።

ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ከአሁኑ ማሰብሽ ትክክል ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ቁጥሩን የምንጽፈው ልናስፈራሽ አይደለም። ቀድሞ በኩረጃ ይሸፈን የነበረው ጉድለት ኩረጃው ሲከለከል ገሃድ መውጣቱን ስለሚያሳይ ነው። በክፍል ውስጥ ከጎበዝ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ማለፍ የለመደ ልጅ ለብቻው የሚቀመጥበት ቀን ይመጣል፤ ያ ቀን ደግሞ በዩኒቨርሲቲም አያበቃም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉና። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በጸጥታ ችግር ተዘግተው መክረማቸውም ሳይነሳ አይታለፍም። በዚያ ጊዜ መጽሐፋቸውን ይዘው ለብቻቸው ማንበብ የቻሉት ልጆች ከክፍል ቢርቁም ከትምህርቱ አልራቁም።

አንዳንድ ተማሪዎች ወደኋላ ብንመለስ ማጠናከሪያ ትምህርት ከፍለን እንማር ነበር ብለውናል። በዚህ አንስማማም። አቅም ላለው ቤተሰብ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወደ ማጠናከሪያ፣ ከማጠናከሪያ ወደ ቤት የሚመላለስ ተማሪ ሌላ ሰው ሲያስረዳው እየሰማ ይውልና ለብቻው የሚያነብበት ሰዓት ያጣል። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ብትገናኙና እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ርዕስ ብታስረዱ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይንስን በተግባር የሚያስተምርበት የስቴም ማዕከል ስላለው፣ ተማሪዎች እንዴት እንደሚመለመሉ ርእሰ መምህርሽን ጠይቂ።

ለመጠየቅ አፍራለሁ ማለትሽን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ካነጋገርናቸው ሴት ተማሪዎች አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ እጃቸውን አውጥተው ጠይቀው እንደማያውቁ ነግረውናል፤ ይስቁብኛል በሚል ፍርሃት ያልገባቸውን ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። በክፍል ውስጥ መጠየቅ ከከበደሽ ጥያቄሽን በወረቀት ጽፈሽ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ለመምህሩ ስጪው። ታክሲ ውስጥ የምታያቸውንም ልጆች ጠይቂያቸው፤ እኛ ስንጠይቃቸው ቆመው፣ አንዳንዶቹም ክፍል እየረፈደባቸው፣ በደስታ ነው የመለሱልን። ለወላጆችሽም የምንለው አለን። ውሃ መቅዳቱ፣ ወጥ መሥራቱና ልጅ መያዙ በሴት ልጅ ላይ ብቻ ሲወድቅ የማንበቢያ ሰዓቷ ያልቃል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ማንም የማያዛት ጊዜ ቢተውላትና ሥራውን ወንድሞቿም ቢካፈሉት ብዙ ነገር ይለወጣል። ይህን ገጽ ብታሳዪያቸው ደስ ይለናል።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ኑሮ በአጭሩ፦ ልብስ ማጠብን፣ በተሰጠ ገንዘብ ወር ማድረስን፣ ከማያውቁት ልጅ ጋር በአንድ ዶርም ተቻችሎ መኖርን ከቤት ሳይወጡ መልመድ እንደሚጠቅም ሁሉም ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ የዘጌ ነዋሪ ስሆን የምተዳደረውም በቡና ነው። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል በመሆኑ ለሚመጣው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መምረጥ አለበት። እኔ ሐኪም እንዲሆንልኝ እመኛለሁ፤ እርሱ ግን ታሪክና ጂኦግራፊ ነው የሚወደው። ጎበዝ ተማሪ ማኅበራዊ አይገባም ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከዘጌ

መልስ፦ ክቡር አባታችን፣ ለልጅዎ መልካም መመኘትዎ የሚያስመሰግንዎ ነው። ይህንንም ጥያቄ ለተማሪዎቹ አቅርበንላቸው ነበር። «ጎበዝ ማኅበራዊ አይገባም» የሚለውን አነጋገር ሰምተው የተፈጥሮ ሳይንስ ከመረጡት መካከል ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሳይወዱ እየታገሉ ዓመታት የፈጁ አሉ፤ ወደኋላ ቢመለሱ በመጀመሪያ የሚለውጡት ይህን ምርጫ እንደሆነ ነግረውናል። በአንጻሩ ሒሳብ ስለከበዳቸው ብቻ ወደ ማኅበራዊ የሸሹም አግኝተናል። እነርሱም አልተሳካላቸውም፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ የሚባለው የማመዛዘን ችሎታ ፈተና ለሁለቱም ዘርፎች ይሰጣሉና። የሚለያዩት በቀሩት ነው፤ በአንዱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በሌላው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ።

ማኅበራዊ ሳይንስ የሚያንስ ትምህርት አለመሆኑን ለመረዳት ደጅዎ ያለውን ጣናን ማየት ይበቃል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ግን እምቦጭ ገብቶበት ነበር። አረሙ በምን ፍጥነት እንደሚራባና በምን እንደሚጠፋ የሚያጠናው የባዮሎጂ ሰው ነው። ዓሣ አስጋሪው መረቡን መጣል ሲያቅተው ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር፣ የዳርቻው መሬት በምን ሕግ እንደሚጠበቅ፣ አፈሩ ከየትኛው ተፋሰስ ታጥቦ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ የሚያጠኑት ግን የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የጂኦግራፊ ባለሙያዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልጅዎ አውቆ ይምረጥ፦ ማኅበራዊ ሳይንስ ከገባ በኋላ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ምህንድስና የሚወስደው በር ይዘጋል። ስለዚህ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቱን አብራችሁ ዘርግታችሁ እዩት፤ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ያመጣውን በታሪክና በጂኦግራፊ ካመጣው ጋር አስተያዩ። ከዚያም ወደ ባሕር ዳር በሚመጡበት አንድ ቀን ይዘውት ወደ ዩኒቨርሲቲው ይምጡና ሕግ ወይም ጂኦግራፊ ከሚማር ተማሪ ጋር ራሱ ይነጋገር። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ምርጫው ታሪክና ጂኦግራፊ ከሆነ፣ ቢፈቅዱለት መልካም ነው እንላለን።