ትምህርቴን አቋርጬ ቤት ቁጭ ብዬ ፊልም ልይ?

ታናሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነሽ። ልብሽ ያለው ግን የፊልም ድርሰት ላይ ነው። ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጠሽ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ፣ ዓለም ያደነቃቸውን መቶ ድራማ ፊልሞች ልታዪ አስበሻል። ዝርዝሩን ላኪልኝ ብለሻል። አባትሽ «ፊልም ሥራ አይደለም» ይላሉ። ክፍያሽን የሚሸፍንልሽ ታላቅ ወንድምሽ ነው፤ እሱ ስለዚህ ሐሳብሽ ገና አልሰማም። ካሜራ ልግዛ ወይ፣ በ22 ዓመቴ ዘግይቼ ይሆን ወይ የሚሉ ጥያቄዎችም አሉሽ።

ካሜራውን ተዪው። ለጸሐፊ ደብተር ይበቃል። ዕድሜሽም ምንም አላለፈም።

እኔን ያሳሰበኝ ያ አንድ ዓመት ነው። ይሄን ዓመት አውቀዋለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ድርሰት ልማር ብዬ ሥራዬን ለቀቅሁና ቤት ገባሁ። ጠዋት አንድ ፊልም፣ ማታ ሁለት። ዓመቱ ሲያልቅ ስለ ፊልም ከማንም ጋር ማውራት እችል ነበር። የጨረስኩት ትዕይንት ግን አንድም አልነበረም። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለቀ፣ ወደ ሂሳብ መዝገቤ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን ሙሉ ድርሰቴን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀን ቢሮ፣ ማታ ደብተር። ደመወዝ ስለነበረኝ አልቸኮልኩም፤ ጊዜ ስላልነበረኝ ደግሞ አላባከንኩም።

ፊልም ማየት እንደ ሥራ ይሰማል። አንድ ትልቅ ፊልም ሲያልቅ ደረትሽ ሞልቶ ትነሺያለሽ፣ ብዙ የሠራሽ ይመስልሻል። የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው። መቶ ፊልም በተከታታይ ካየሽ መቶኛው አሥረኛውን ይሸፍነዋል። በእጅሽ የሚቀረው የፊልሞቹ ስም ብቻ ነው።

ሳትያጂት ራይ የሚባለውን የሕንድ ዳይሬክተር ታሪክ ልንገርሽ። ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 መሥሪያ ቤቱ ወደ ለንደን ላከው። እዚያ በቆየባቸው ጥቂት ወራት ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞች አየ። አዎ፣ አንቺ እንዳሰብሽው መቶ። ግን ሥራውን አልለቀቀም። ሲመለስም ሥራው ላይ ነበር። የመጀመሪያ ፊልሙን «ፓተር ፓንቻሊ»ን በ1952 መቅረጽ የጀመረው በእረፍት ቀኑ ነው። አንድ ቀን በአበባ የተሸፈነ ሜዳ ላይ ቀረጸ። በሚቀጥለው እረፍቱ ሲመለስ ከብቶች አበባውን ግጠው ጨርሰውታል። ያንን ትዕይንት ለመጨረስ አበባው እንደገና እስኪያብብ መጠበቅ ነበረበት። ጠበቀም። የሚጠብቅበት ደመወዝ ነበረው። ካሜራማኑ ሱብራታ ሚትራ ደግሞ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም። ፊልሙ በ1955 ወጣ፣ በማግስቱ ዓመት በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ።

ለንደን ካያቸው ፊልሞች ሁሉ ራይን ለዚህ ያበቃው አንዱ ነው፦ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ባይሲክል ቲቭስ»፣ የ1948 የጣሊያን ፊልም። መቶ አይቶ አንዱ ነው ውስጡ የገባው። ስለዚህ መቶ ፊልም አልልክልሽም። ስድስት እልክልሻለሁ። ለአንዱ ሁለት ወር ስጪው። ዓመትሽ ይሞላል፣ ትምህርትሽም አይቋረጥም።

«ባይሲክል ቲቭስ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ አንቺን የሚመለከት ነገር አለበት። ሥራ አጥ የነበረ ሰው ሥራ ያገኛል፣ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል። ብስክሌቱ መያዣ ተሰጥቶ ተበድረውበታል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ ታስይዝና ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። አንሶላውን የተቀበለው ሠራተኛ መደርደሪያው ላይ ሲወጣ ልብ ብለሽ እዪ። ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያቆምም። እስከ ጣሪያው ድረስ የሌሎች ሰዎች አንሶላ ተደርድሯል። ማንም ስለ ድህነት አንድ ቃል አልተናገረም። ጸሐፊ የሚማረው እዚህ ጋ ነው። ቆየት ብሎ፣ ብስክሌቱ ከተሰረቀ በኋላ፣ አባትና ትንሹ ልጁ ምግብ ቤት ገብተው ያጣውን ደመወዝ ወረቀት ላይ ያሰላሉ። መደመር ብቻ ነው። ግን ልብ ይሰብራል። አንቺ የቁጥር ተማሪ ነሽ፤ ቁጥር ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ከብዙ ጸሐፊዎች በተሻለ የምታዪበት ዕድል አለሽ። ትምህርትሽን እንደ እስር ቤት አትዪው። አባቱን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒም ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር።

መጀመሪያ የምታዪው ግን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ይሁን። የ1957 ፊልም ነው፤ የሲድኒ ሉሜት የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም። አሥራ ሁለት ወንዶች በግድያ የተከሰሰ አንድ ወጣት ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው እንዲፈርዱ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፣ አንዱ አይልም። ከጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ፊልሙ ከዚያች ክፍል አይወጣም። ሲጀምር ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን በላይ ነው። መሀል ላይ ከዓይናቸው ጋር ይተካከላል። ወደ መጨረሻው ከዓይናቸው በታች ይወርድና ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱም ሩቁን ይበልጥ ወደሚያቀርብ ዓይነት እየተቀየረ ስለሚሄድ ግድግዳው እየተጠጋ የመጣ ይመስልሻል። ለምን እንደጨነቀሽ ሳታውቂ ይጨንቅሻል። ድርሰቱ የሬጂናልድ ሮዝ ነው። አንድ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ይዞ የሠራውን እዪና፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ መጻፍ ማቆም ምክንያት ይሆን እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ።

ሦስተኛው የአስጋር ፋርሃዲ «ኤ ሴፓሬሽን» ነው፣ እ.ኤ.አ. 2011፣ ከኢራን። ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው የኢራን ፊልም ነው። ሲከፈት ባልና ሚስት ዳኛ ፊት ተቀምጠዋል። ዳኛው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሁለቱ የሚያዩት ካሜራውን ነው፤ ስለዚህ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። እሷ ልጃቸውን ይዛ ከአገር መውጣት ትፈልጋለች። እሱ የመርሳት በሽታ ያለበትን አባቱን ጥሎ አይሄድም። አባትህ እኮ ልጁ መሆንህን እንኳ አያውቅም ትለዋለች። እሱ ግን አባቴ መሆኑን እኔ አውቃለሁ ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ድራማ ማለት ይሄ ነው። ክፉና ደግ ሲጣሉ ማንም ይጽፈዋል፤ ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎችን ማጣላት ግን ሙያ ይጠይቃል።

የቀሩትን ሦስቱን በአጭሩ ልበልሽ። የያሱጂሮ ኦዙ «ቶኪዮ ስቶሪ»፣ 1953፦ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ማንም አይጮህም፣ ግን ሁሉም ነገር ይሰማሻል። የአኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ»፣ 1952፦ ዋናው ሰው ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል። የቀረውን ለቅሶው ላይ የተሰበሰቡ የሥራ ባልደረቦቹ ያወሩታል። ድርሰት እንዴት እንደሚዋቀር ለማጥናት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም አለ፣ እ.ኤ.አ. 2008። በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ በድርሰቱም ተሸልሟል። አማርኛ የሚነገርበትን ክፍል ያለ ትርጉም ጽሑፍ፣ በገዛ ቋንቋሽ ስሚው፤ ሰው ሲያወራ የቱ ጋ ዝም እንደሚል አስተውዪ።

እያንዳንዱን ፊልም የምታዪበት መንገድ ደግሞ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪና ሳታቋርጪ እስከ መጨረሻው እዪው። ለሁለተኛ ጊዜ ስታዪው ደብተር ያዢ፤ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር። ማን ምን ፈለገ? ማን ከለከለው? ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን ተቀየረ? በሦስተኛው ድምፁን ዝጊው። በአራተኛው ጀርባሽን ሰጥተሽ አድምጪው ብቻ። ከዚያ የራስሽን ሦስት ገጽ ጻፊ፦ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ሁለቱም ልክ። ሳትጽፊ ወደሚቀጥለው ፊልም አትለፊ። በዚህ ነገር ላይ አልደራደርሽም።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ ልመለስ። አባትሽ ተሳስተዋል፣ በግልጽ ነው የምልሽ። ፊልም ሥራ ነው። የሚጽፍ አለ፣ የሚያቀናብር አለ፣ ድምፅ የሚይዝ አለ። የቀረጻውን በጀት የሚይዝ፣ ክፍያ የሚፈጽም፣ ሂሳብ የሚዘጋ ሰውም አለ፤ ፕሮዳክሽን አካውንታንት ይባላል። ዲግሪሽን ይዘሽ ፊልም ሥራ ውስጥ የምትገቢበት በር ይሄ ነው። ድርሰት እንዴት ወደ ወጪ እንደሚቀየር ከውስጥ ያየ ጸሐፊ ሊሠራ የሚችል ነገር ይጽፋል። ይህንን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

አንቺም ግን ተሳስተሻል። ወንድምሽ የሚከፍለው ለትምህርትሽ ነው። ሳይሰማ ማቋረጥ በገንዘቡ ላይ እሱን ሳይጠይቁ መወሰን ነው። ለማቋረጥ ያሰብሽውን ሳይሆን ለመጨረስ የወሰንሽውን ይዘሽ ሂጂ። እጨርሳለሁ፣ ማታ ማታ ግን እጽፋለሁ፣ ያንን ሰዓት አትንኩብኝ በይው። ተቀጥረሽ ደመወዝ ስታገኚ ለቤተሰብ ምን ያህል እንደምትሰጪም አብራችሁ ቁጥር አስቀምጡ። ብዙ ጎበዝ ልጆች ማታቸውን ያጡት በዚህ ነው። ቤተሰብን መርዳት ይገባል፤ ልክ የሌለው ሲሆን ግን ትርፍ ሥራ ያስይዝሽና የመጻፊያ ሰዓትሽን ይወስደዋል። ይህን ለማለት አትፈሪ፣ አስቀድመሽ በይው።

«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» 96 ደቂቃ ነው። ዓርብ ማታ ከጥናት በኋላ ጀምሪው። ሦስቱን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።